ስለ ምስጋና ቃላት አተረጓጎም፤ ከወላይትኛ በአማርኛ በኩል ወደ ፈረንሳይኛ

ማመስገን የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፤ የማመስገኛው አነጋገር ግን የየቋንቋው ነው። ለተማሪና ለተርጓሚ የሚዘጋጁ አንዳንድ የፈረንሳይኛና የአማርኛ የቃላት ዝርዝሮች «መርሲ» ለሚለው ቃል «አመሰግናለሁ»፣ «ረመርሲዬ» ለሚለው ግሥ ደግሞ «አመሰገነ» የሚል አንድ አንድ ፍች ሰጥተው ያልፋሉ። ይህ አሠራር ተርጓሚውን የሚያሳስት መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ለዚህ ያነሣሣን በወላይታ ከሁምቦ ወረዳ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በወላይትኛ ተረቅቆ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በመጨረሻም ለባሕር ማዶ ረጂዎች በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቷል። በአማርኛው «ማኅበሩ የእርሻ ባለሙያውን አመስግኗል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በፈረንሳይኛው «ረመርሲዬ» በሚለው ግሥ ተተርጉሞ አገኘነው። ግሡ ማመስገን ማለት መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ተመስጋኙ ተቀጣሪ ሲሆንና የተመሰገነበት ምክንያት ሳይጠቀስ ሲቀር፣ ፈረንሳዊው አንባቢ «ከሥራ አሰናብቶታል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንዲመሰገን የታሰበው ሰው በወረቀት ላይ ተባረረ ማለት ነው። «ረመርሲማን» በሚለው ስም ተጠቅሞ «ምስጋናውን አቅርቦለታል» ቢባል ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የፍች ስፋት ነው። የወላይትኛው «ጋላታይስ»፣ እንደ አማርኛው «አመሰግናለሁ» ሁሉ፣ ለሰውም ለፈጣሪም ይነገራል፤ «ጦሳ ጋላታይስ» ሲባል ምስጋናም ውዳሴም ነው። ፈረንሳይኛ ግን ስለ ውለታ ማመስገንን «ረመርሲዬ»፣ ማወደስን «ሉዌ» ብሎ ይለያል። ስለሆነም ተርጓሚው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ለምርጫውም መመሪያ የሚሆነው ዐውዱ ነው።

ሦስተኛው የአነጋገር ልማድ ነው። ጎደሬ በዳጣ ቀርቦለት «ይድገሙ» የተባለ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያመሰግናል፤ የማይፈልግ እንደሆነ «በቃኝ» የሚለውን ይጨምርበታል። በፈረንሳይ ማዕድ ግን «መርሲ» ብቻውን ሲነገር ብዙ ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት ነው፤ የሚፈልግ ሰው «ኡዊ» የሚለውን ያስቀድማል። ይህን ያልተረዳ እንግዳ እያመሰገነ ሳይበላ ይነሣል።

አራተኛው፣ «መርሲ ደ» የሚለው አገባብ ከግሥ በፊት ሲገባ ስላለፈ ውለታ ምስጋና መሆኑ እየቀረ፣ በትሕትና የተሸፈነ ትእዛዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በበር ላይ የተለጠፈ «መርሲ ደ ፌርሜ ላ ፖርት» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ «እባክዎ በሩን ይዝጉ» መባል ይገባዋል። «በሩን ስለሚዘጉ አመሰግናለሁ» ማለት የፈረንሳይኛን አጥንት በአማርኛ ሥጋ መሸፈን ነው።

በመሆኑም፣ ወደፊት የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት በዚህ ቃል ሥር፦ (ሀ) ስለ ውለታ የሚሰጥን ምስጋና፣ (ለ) ግብዣን በትሕትና አለመቀበልን፣ (ሐ) ትሕትና ያለበትን ትእዛዝ ለይተው፣ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሰጥተው እንዲያቀርቡ እናሳስባለን። በ«ረመርሲዬ» ሥርም ከሥራ ማሰናበት የሚለው ፍች መጨመር አለበት።

የሁምቦው ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ታርሟል። ነገር ግን ተርጓሚው የተከተለው የቃላት ዝርዝሩን እንጂ የራሱን ግምት አልነበረምና፣ አስቀድሞ መታረም የሚገባው ዝርዝሩ ነው።