ስለ ዲጂታል ኃይል መለኪያ መመሪያ የቀረበ ሂስ

የጉለሌ ሸማኔ የሚሠራበትን ማግ ጥንካሬ በዲጂታል ኃይል መለኪያ ለመመርመር የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ መመሪያውን ያነባል። እንዲህ ያሉ መመሪያዎች በብዙው የሚመሰገኑ ናቸው፤ መንጠቆው ከተገጠመ በኋላ ንባቡን ዜሮ ማድረግ፣ በቀጥታ እንጂ በጎን አለመሳብ ይገባል ይላሉ። መሣሪያው ጠፍቶ ሳለም ቢሆን ከዐቅሙ በላይ መጎተት ይጎዳዋል። ክር ሲበጠስ መንጠቆው ወደ ዓይን እንዳይፈናጠር መነጽር ማድረግም ይገባል።

የምንነቅፈው ግን ይህን ነው፤ አንዳንዱ መመሪያ 1 ኪሎግራም የሚዛን ድንጋይ ሲሰቀል ንባቡ 9.81 ኒውተን ይሁን ይላል። ጉለሌ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ለምድር ወገብም የቀረበ ስለ ሆነ እውነተኛው ንባብ 9.77 ያህል ነው። ይህን ሳያውቅ መሣሪያውን «የሚያርም» ተማሪ ደኅናውን ያጣምመዋል። ልዩነቱ ለአንዲት ክር ኢምንት ነው (ሸማኔው በጣቱ ብቻ ብዙ ያውቃል)፤ ለብረት ሽቦ ግን በንባቡ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በቤተ ሙከራው መዝገብ ከንባቡ አጠገብ የቦታው ስበት እንዲጻፍ እንጠይቃለን።