የክራር ቆዳ በጆርጂያ ሐምሌ

ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ፣ ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ በማይሞሉት ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቀድሞ አትላንታዎች ለሰንበት ዕረፍትና ለዓሣ ማጥመድ ይመጡባቸው ከነበሩት ጎጆዎች በአንዷ ውስጥ ተቀምጬ ክራር እሠራለሁ። ሐይቁ ለዓይን መልካም ነው፤ ለቆዳ ግን ባላጋራ ነው። ሐምሌ በገባ ቁጥር የአየሩ እርጥበት በገበቴው ላይ የተወጠረውን የፍየል ቆዳ ያላላዋል፤ ቆዳው ሲላላ ብርኩማው ይሰምጣል፤ ብርኩማው ሲሰምጥ አውታሮቹ ይረግባሉ፤ ስለዚህም ጧት ትዝታ ብዬ የቃኘሁት መሣሪያ ከቀትር በኋላ ትዝታም ባቲም፣ አምባሰልም አንቺሆዬም ያልሆነ፣ ስም ያልወጣለት አምስተኛ ቅኝት ሆኖ ይጠብቀኛል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤቴ ሁለት ልጆች፣ ሁለቱም እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ፣ ወደ ሥራ ቤቴ ይመጣሉ። ክርክራቸው ሁልጊዜ ስለ ማስተዶን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአትላንታ ስለ ተመሠረተው የፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ። ጊታሪስቱ ብሬንት ሃይንድስ በማርች 2025 ከባንዱ ተለይቶ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት በአትላንታ በሞተር ብስክሌት አደጋ ካረፈ ወዲህ፣ ታላቁ ልጅ «በያዙት ይጽኑ» ሲል፣ ታናሹ ግን በዚህ ሙዚቃ ተሰምቶ የማያውቅ መሣሪያ ካላስገቡ ከእንግዲህ ራሳቸውን መድገም ብቻ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ይህንም ሲል ዓይኑ ከግድግዳዬ ላይ አይነቀልም።

«ጋሼ፣ ክራር ለምን አይገባበትም?»

ጥያቄው ለእኛ ለባለሙያዎቹ አዲስ አይደለም። ጃኖ ባንድ ቢል ላስዌል ያዘጋጀለትን «ኤርታሌ» የተባለ አልበም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣ ጊዜ፣ የሮክ ጊታር በአገራችን ቅኝት ሲጮኽ ሰምተን፣ እኔና የሙያ ጓደኞቼ ሌሊቱን ስንከራከር አድረናል። እኔም ከዚያ በኋላ ከቆዳው ሥር ፒክአፕ ለጥፌ ከከበሮና ከጊታር መካከል ቆሜ ነበር። የሆነውን ለመናገር አሁንም አፍራለሁ፤ የተወጠረ ቆዳ ራሱ ማይክሮፎን ነውና፣ የከበሮውንና የማጉያውን ድምፅ ተቀብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ፒክአፑ ያንኑ መልሶ ለማጉያው ይሰጣል፣ ማጉያውም ለቆዳው፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ሰው ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ጮኹ።

ጩኸቱስ በጥቂት ጥጥና በእንጨት ገበታ ይታገሣል። የማይታገሠው የግርፉ ነገር ነው። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም አውታር በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ዜማውን የሚያወጣው ግን ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን አውታሮች ዝም የሚያሰኘው ግራ እጅ ነው። የታፈኑት አውታሮች «ጠቅ» የምትል ደረቅ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በጸጥተኛ ቤት ይህች ጠቅታ የዜማው እስትንፋስ ናት። ዲስቶርሽን ግን ትንሹን ከፍ፣ ትልቁን ዝቅ አድርጎ እኩል የሚያሰልፍ ስለ ሆነ፣ የታፈነውና ያልታፈነው ተደባልቀው ዝምታችን ሁሉ ወደ ጩኸት ይለወጣል።

ስለዚህ ለልጁ የነገርሁት የሃይንድስን ባንጆ ነው። ሰውዬው ከጊታር አስቀድሞ የተማረው ባንጆ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው «ክራክ ዘ ስካይ» በተባለው የማስተዶን አልበም ውስጥ «ዲቪኔሽንስ» የተሰኘው ዘፈን በባንጆ ሲጀምር፣ መሣሪያው ለጌጥ የተለጠፈ አይመስልም፤ ጣቶቹ ጊታር ሲይዙም ባንጆ እንደሚመቱ ነበሩ። ባንጆም ቢሆን በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ከነትዝታቸው ያሻገሩት፣ እንደ ክራራችን ፊቱ ቆዳ የነበረ ዘመድ ነው (ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ለብሷል፤ ሐምሌ ሲመጣ እኔንም ይፈትነኛል)። ወደ ሜታል መግባት ያለበት እንግዲህ የክራሩ መልክ ሳይሆን እጁ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ዓመታት ይጠይቃል።

ታናሹ ልጅ በዚህ አልረካም። «በገናስ?» አለኝ።

በገናን በሁዳዴ ለጸሎት እንጂ ለሌላ አላውሰውም፤ ይህን በግልጽ ነገርሁት። ነገር ግን አሥሩ አውታሮች ብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ስፍራ እንዚራ የምንላቸው ትንንሽ ቆዳዎች ገብተው ድምፁን እንደ ንብ መንጋ የሚያንዘዙት፣ ጊታሪስቶች በእግራቸው ረግጠው ከሚያመጡት ዲስቶርሽን ብዙ ዘመን ቀድሞ መሆኑን ሳስታውሰው፣ ከወንበሩ ተነሣ። ከአሮጌ ቀበቶ የጥፍር ስፋት የምታህል ቆዳ ቆረጥንና በአንድ ክራር ወፍራም አውታር ሥር አስገባናት። መጀመሪያ አውታሩ ታፈነ፤ ታናሹ ልጅ ቆዳዪቱን ትንሽ ሲስባት አውታሩ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ በፀጉር ያህል መልሶ ሲገፋት፣ ያለ ሽቦና ያለ ማጉያ፣ ከሆዱ አንዘዘ። ታላቁ ወንድሙ «ይህማ ሜታል አይደለም» አለ። ታናሹ አልመለሰለትም፤ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ቆዳዪቱን ወደ ሁለተኛው አውታር እየገፋ ነበር።