የባቢሎን እሳትና የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙር

ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር፤ ከአርብ ገበያ ጀምሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አድባራት የሚዘረፈው ቅኔ አብዛኛውን ጊዜ እሳቱን ከጠል ጋራ የሚያጋጥም ነው። እሳቱ መከራ፤ ጠሉ ረድኤት ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከመደጋገም ብዛት ሰሙ ደርቋል።

መድረቁም ባለቅኔው የባቢሎንን እሳት እንደ ማድቤት እሳት ስለሚቈጥረው ነው። በሰናዖር ምድር ግን እሳት ይመለክ ነበር። የእሳቱን ጣዖት ሱሜራውያን ጊቢል፤ አካዳውያን ጊራ ይሉታል፤ የመብራቱ ኑስኩ፤ የፀሐዩም ሻማሽ ነው። በ9 የሸክላ ጽላት የተጻፈ «ማቅሉ» የሚባል የድግምት መጽሐፍ ነበራቸው፤ ትርጓሜው ማቃጠል ሲሆን ከግእዙ «ቀለወ» ጋራ ይዛመዳል። ደጋሚው በሌሊት የጠንቋዮችን ምስል ከሰምና ከጭቃ እየሠራ፤ ጊራንና ኑስኩን እየጠራ ያቃጥል ነበር። እሳትንም «ኢሻቱ» ይሉታል፤ ይህን የሰማ የግእዝ ተማሪ ዘመድ ያገኘ ያህል ነው።

እንግዲህ ከዳዊት ቀጥሎ በመኃልየ ነቢያት የሚገኘው የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙር በዚህ ዓይን ሲመረመር ኃይሉ ይገለጣል። መዝሙሩ ፀሐይን ይጠራል፤ ነገር ግን አይለምነውም። እሳትንም ይጠራል፤ ይኸውም እንደ ደጋሚው ጠላትን እንዲያቃጥል ሳይሆን ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ነው። ባቢሎን የሰገደችለት እሳት ከበረዶና ከውርጭ ጋራ በአንድ ተርታ ይቆማል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ዝናምና ጠል ይቀድማሉ፤ ነፋስ ይከተላል፤ እሳት ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልአኩ በእቶኑ መካከል ያደረገው የጠል ነፋስ በዚሁ ተርታ ውስጥ አለ። በፍጻሜውም ሦስቱ ሐናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ይባላሉ እንጂ በንጉሡ ቤት የወጣላቸው ስም አይነሣም። አብደናጎ ማለት ብዙዎች እንደሚተረጕሙት የናቡ ባሪያ ነው፤ ያው ናቡም በራሱ በናቡከደነፆር ስም ውስጥ ይገኛል።

የጣዖት ስም ለደቀ መዝሙር አይነገርም የሚሉ መምህራን አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ነቢያት ቤልንና በኣልን በየስማቸው እየጠሩ ዘልፈዋል። በሌላ ወገን ደግሞ እቶኑ ለጊራ የተሠራ ነው ብሎ መጽሐፍ አልተናገረም፤ የቆመው የወርቅ ምስል ነበርና ባለቅኔ ይህን ከራሱ ቢጨምር ስሕተት ነው። በጊራ ፊት የቀለጠውን ምስል ሰም፤ በእቶኑ ያልተነኩትን ሦስቱን ወርቅ አድርጎ ሚበዝኁ የሚቈጥር ተማሪ ቢነሣ፤ መምህሩ አስቀድሞ የሚመረምረው ጊራን ሳይሆን ሦስቱ ቤት በትክክል መመታታቸውን ነው።