በፊልሙ ላይ የሚነበብ ጎማ

አሮጌ ካሜራ ሲከፈት መጀመሪያ ሞቶ የሚገኘው ጎማው ነው። ናሱም፣ ብረቱም፣ የሌንሱ መስታወትም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ጎማና ስፖንጅ ግን ካሜራው ከመሳቢያ ሳይወጣም ያረጃሉ። ኦክስጅን ጎማውን ያደርቀዋል። ኦዞን የተወጠረውን ይሰነጥቀዋል። እርጥበት ደግሞ የፖሊዩረቴን ስፖንጁን አፈራርሶ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ዝቃጭ ያደርገዋል። በተራ ካሜራ ላይ ይህን መቀየር ትዕግሥት ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰፊ ዕይታን በአንድ ረጅም ፎቶ በሚይዝ የፓኖራማ ካሜራ ላይ ግን የባለሙያ እጅ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ጎማው ራሱ ከሌንሱ እኩል ፎቶ ሠሪ ነውና።

ከፓኖራማ ካሜራዎች እየዞሩ የሚያነሱት ሁለት ወገን ናቸው። የጃፓኑ ዋይድሉክስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 በሶቭየት ኅብረት ክራስኖጎርስክ የተመረተው ሆሪዞንት፣ ፊልሙን በቅስት ዘርግተው ሌንሱን ብቻ ያዞራሉ። ተዋናዩ ጄፍ ብሪጅስ በፊልም ቀረጻ ቦታዎች ያነሳቸውንና እ.ኤ.አ. በ2003 በመጽሐፍ ያወጣቸውን ፎቶዎች ያነሳው በዋይድሉክስ ነው። በሁለተኛው ወገን ካሜራው ራሱ ይዞራል፤ ፊልሙም ከአንዲት ቀጭን ስንጥቅ ኋላ ከዙሩ ጋር እየተመጣጠነ ይጓዛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሰርኩት በሞላ ኃይል እንዲህ ይዞር ነበር። በትምህርት ቤት የቡድን ፎቶ ላይ አንዱ ልጅ በግራ ጫፍ ከተነሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጀርባ ሮጦ በቀኝ ጫፍም ደግሞ የሚታይበት ምስል በሰርኩት የተነሳ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጡት ግሎቡስኮፕና ራውንድሾትም የዚሁ ወገን ናቸው።

በሁለተኛው ወገን ፊልሙን የሚስበው ሮለር ጎማ የለበሰ ከሆነ የሥራው ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ካሜራው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማለፍ ያለበት የፊልም ርዝመት የሌንሱ የትኩረት ርቀት በሁለት ፓይ ተባዝቶ ይገኛል። ለ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ 157 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ተበልቶ ዲያሜትሩ ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 9.8 ቢወርድ ፊልሙ 2 በመቶ ይዘገያል፤ ፎቶውም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ማጠሩን ማንም ላያስተውል ይችላል። የሚያስተውለው ሌላ ነገር ነው፦ ስንጥቁ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በፊልሙ ላይ 0.02 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይዳመጣል። ፎቶው ጎላ ተደርጎ ሲታተም የአድማሱ መስመር ጥርት ብሎ ሳለ የዛፎቹ ግንድና የሕንፃዎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። አግድሙ ጥሩ፣ ቁመቱ ድብዝዝ ያለ ምስል ሲያይ ሌንሱን ለመፍታት ብሎን የማይነካ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል።

ሌላው በሽታ የሰማይ ዥጉርጉርነት ነው። ለዓመታት በአንድ ጎኑ ተጭኖ የቆየ ጎማ ጠፍጣፋ ቦታ ያበጃል፤ ያ ቦታ ፊልሙ ላይ በደረሰ ቁጥር ጉዞው ለቅጽበት ይሰናከላል። ፊልሙ በዘገየበት ብርሃን ይበዛል፣ በኔጋቲቩም ላይ ከላይ እስከ ታች ጠቆር ያለ ሰንበር ይቀራል። እዚህ ላይ ማስመሪያ ማውጣት ነው። ሰንበሮቹ በየ31 ሚሊ ሜትሩ የሚመጡ ከሆነ፣ ያ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ሮለር አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ስለሆነ ጥፋተኛው ታወቀ። ርቀታቸው የተዘበራረቀ ከሆነ ግን ምናልባት የደረቀ ግራሶ ወይም የቆሸሸ ማርሽ ነው። ፎቶው ራሱ የትኛው አካል እንደታመመ ሲናገር ማየት ከዚህ ሙያ ደስታዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ነው።

ታዲያ አዲሱ ጎማ ልኩ ስንት ይሁን? አሮጌውን በካሊፐር ለክቶ ያንኑ መድገም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ነው፤ ያረጀ ጎማ ወይ ተበልቷል ወይ አብጧል፣ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። የተካነው ባለሙያ የማርሾቹን ጥርስ ይቆጥራል። ካሜራው አንድ ጊዜ ሲዞር ሮለሩ አምስት ጊዜ የሚዞር ከሆነ 157ቱ ለአምስት ሲካፈል ዙሪያው 31.4፣ ዲያሜትሩም 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ አያቆምም። ፊልሙ ራሱ ወደ 0.13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ሮለሩ ላይ ሲጠመጠም ዙሪያውን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ጎማው 9.87 መሆን አለበት። በሌንሱ ላይ የተጻፈው የትኩረት ርቀትም አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋጋ ቁጥር ስለሆነ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የሙከራ ፊልም ነው።

ከዚያ የእጅ ሥራው ይመጣል። አሮጌው ጎማ ብረቱን ሳይቧጭር ይላጣል፤ ከውስጥ ዲያሜትሩ ትንሽ ጠበብ ያለ አዲስ ቱቦ ተወጥሮ ይለብሳል፣ በማስቲሽም ይያዛል። ቱቦው ሆን ተብሎ ወፍራም ነው። ሮለሩ በራሱ ዘንግ ላይ እንዳለ ቶርኖ ላይ ይታሰራል፤ ለብቻው ከተስተካከለ ከዘንጉ ጋር አንድ መሐል አይኖረውምና። ጎማ በቢላ ፊት ይሸሻል፤ ስለዚህ አይቆረጥም፣ በሚሽከረከር ድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት በስሱ እየተላገ ወደ ልኩ ይወርዳል። በጣም ጠንካራ ጎማ ፊልሙን ያንሸራትታል፤ በጣም ለስላሳው በጫና ተጨፍልቆ ልኩን ያበላሻል። ከአንዳንድ ጎማ የሚወጣ የድኝ ትነት ደግሞ ብርን ያጠቁራል፤ የፊልም ምስል የሚሠራው ከብር ስለሆነ የትም ሱቅ የተገኘ ጎማ እዚህ አይገባም።

የብርሃን መከላከያው ስፖንጅ ነገር አጭር ነው፤ ግን አይናቅም። ዋይድሉክስ 36 ፎቶ ከሚይዝ ፊልም 21 ብቻ ስለሚያወጣ በክዳኑ ጠርዝ ሾልኮ የገባ ብርሃን የሚያጠፋው እያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ነው። የፈረሰው ስፖንጅ አልኮል በነካ የእንጨት ስቴኪኒ እየተፋቀ ይወጣል፣ ካሜራው ተደፍቶ፣ ፍርፋሪው ሌንሱ ወደሚዞርበት ከበሮ እንዳይወርድ። አዲሱ ቁራጭ ከቦዩ ጥልቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ክዳኑ ሲዘጋ መጨፍለቅ አለበት። ከበዛ ክዳኑን ይገፋዋል፣ ካነሰ ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው ያለውን ማጣበቂያ በውኃ ማርጠብ፣ ቁራጩን ከመያዙ በፊት ወዲያና ወዲህ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

የሮለሩ ሥራ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ደመና በሌለው ሰማይ ላይ ነው። ዛፍና ሕንፃ ጉድለትን ይሸፍናሉ፤ ባዶ ሰማይ ግን ምንም አይሸፍንም።

እቤታችሁ የወላጆቻችሁ ካሜራ ካለ፣ ፓኖራማ ባይሆንም፣ ፊልም ከማስገባታችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ክፈቱና የጠርዙን ጥቁር ስፖንጅ በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጉት። ከተጣበቀ ወይም ከተፈረፈረ ለባለሙያ ስጡት። ያወጣውን አሮጌ ቁራጭም እንዳይጥለው ንገሩት፤ ስፋቱና የነበረበት ቦታ ለቀጣዩ ጠጋኝ ያስፈልጋል።