የዝምታው ዓለም ብዙ ያወራል

ጠላቂዎቹ ችቦ ይዘው ይወርዳሉ። ውኃ ውስጥ የሚነድ እሳት! አረፋው ወደ ላይ፣ ሰዎቹ ወደ ታች። ዣክ ኩስቶና ሉዊ ማል የሠሩት «የዝምታው ዓለም» የሚጀምረው እንዲህ ነው። ፊልሙ በፈረንጆች 1956 በካን ፓልም ዶርን ወሰደ፣ ቀጥሎም ኦስካር አገኘ። ማል ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር (እኛ በዚህ ዕድሜ ምን እንሠራ እንደነበር ባናነሣው ይሻላል)።

እኔ ያየሁት ከጓደኞቼ ጋር ዛንዚባር ሄደን ለመጥለቅ ስናቅድ ነው። ኢንጂነር ስለሆንኩ መጀመሪያ የማረከኝ ቫልቩ ነው። ኩስቶ በ1943 ኤሚል ጋኛን ከሚባል ኢንጂነር ጋር የሠራው መተንፈሻ አየር የሚሰጠው ጠላቂው ሲስብ ብቻ ነው፤ ያውም በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ጋር አመጣጥኖ። በቃ፣ ይኼው ነው። ከመርከብ የሚዘረጋ ቱቦ የለም፣ የሚጎትት ገመድ የለም። ካሜራው እንደ ዓሣ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

ከዚያ ድማሚቱ ይመጣል። በኮራሉ ዙሪያ ያሉትን የዓሣ ዓይነቶች ለመቁጠር ተብሎ ቦታው ይፈነዳል፤ ሬሳው ይለቀማል። ተራኪው ምክንያቱን ያስረዳናል። ሌላ ቦታ ላይ የካሊፕሶ መርከብ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል በመቅዘፊያዋ ታቆስላለች። ሰዎቹ ግልገሉን ይገድሉታል፣ ሻርኮች ደሙን ተከትለው ይመጣሉ፣ መርከበኞቹም እየጎተቱ በመጥረቢያ ይፈጇቸዋል። ግልገሉን ያቆሰለችው መርከቧ፣ የተቀጡት ሻርኮቹ! ትረካው ግን በቀል አስመስሎ ያልፈዋል።

«ዘመኑ ነው» የሚሉ አሉ። እኔን አያሳምነኝም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ራሱ ሌላ ነገር ያውቃል። ጆጆ የሚሉት ትልቅ ዓሣ አለ። ከጠላቂዎቹ እጅ ይበላል፣ ይከተላቸዋል፣ አብሯቸው የሚጨፍር ይመስላል። ሲያስቸግራቸው አይገድሉትም፤ ለጊዜው የብረት አጥር ውስጥ ያስገቡታል። ያው ሰዎች፣ ያው ጉዞ። ልዩነቱ ጆጆ ስም አለው፣ ሻርኮቹ የላቸውም። ማን እንደሚታዘንለት የሚወስነው ባሕሩ ሳይሆን ትረካው ነው። በኤሊ ጀርባ ላይ የሚጋልቡበትን ክፍል ደግሞ እንደ ቀልድ ነው ያቀረቡት። ከደረሱን የጉዞ ፓኬጆች አንዱም ኤሊ ይዞ ፎቶ መነሣትን በጉርሻ መልክ ጨምሯል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ።

ባሕሩ «በቃ» የሚለው አንዴ ነው፤ ቶሎ የወጣ ጠላቂ ወደ ግፊት ክፍል ሲገባ። በደም የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል። የእኛን ዕቅድ የቀየረው ይህ ትዕይንት ነው ማለት እችላለሁ። ጀማሪ የሚፈቀድለት 18 ሜትር፣ በተከታታይ ከጠለቀ በኋላ ደግሞ አውሮፕላን ሳይሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት። አንዱ ጓደኛችን «በመጨረሻው ቀን ጠዋት አንዴ ጠልቀን ከሰዓት እንበራለን» ሲል ነበር፤ ፊልሙን ልኬለት ሐሳቡን ተወ። የመጨረሻው ቀን ለስቶን ታውንና ለኦክቶፐስ ጥብስ ሆኗል።

ልታዩት ካሰባችሁ፣ ጆጆ ሲመጣ ድምፁን አጥፉት።