ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚሸጡ የቃላት ዝርዝሮች፦ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኙ የማጥኛ ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከመገናኛ ተነሥቶ በሃያ ሁለት ማዞሪያና በገርጂ በኩል እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በፎቶ ኮፒ ቤቶች መደርደሪያና በመንገድ ዳር በተነጠፈ ላስቲክ ላይ፣ የአዘጋጁ ስም የማይታወቅ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሸጣል። በየገጹ በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ አንድ የአማርኛ ፍቺ ይሰጠዋል፤ ከዚህ በስተቀር ሌላ ነገር የለውም። ገዢዎቹ የአይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ. ወይም የቶፍል ፈተና ለመውሰድ የተዘጋጁ፣ በውጭ አገር ትምህርት ወይም ሥራ የሚሹ ምሩቃን፣ ነርሶችና መምህራን ናቸው። የፈተናው ክፍያ ከጀማሪ መምህር የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ውጤቱም የሚጸናው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የገዢውን ጊዜና ተስፋ በምን ላይ እንደሚያውለው መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የእነዚህ ዝርዝሮች ዋና ጉድለት ብዙዎች እንደሚያስቡት በእንግሊዝኛው በኩል ሳይሆን በአማርኛው በኩል ይገኛል። ለምሳሌ ኢንዲኬት፣ ዴሞንስትሬት፣ ኢለስትሬት፣ ሪቪል፣ ኤግዚቢት የተባሉት አምስት ግሶች በአንድ «አሳየ» በሚል ፍቺ ሲታለፉ ይታያል። አማርኛ ግን ለዚህ ልዩነት ድሀ አይደለም፤ አመለከተ፣ በተግባር አስመሰከረ፣ በምሳሌ አብራራ፣ የተሰወረውን ገለጠ፣ ለዕይታ አቀረበ የሚሉ አባባሎች አሉት። አዘጋጁ እነዚህን ለመፈለግ ስላልደከመ፣ አንባቢው አምስቱ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ የሚችል ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ ተፈታኙ «ሰንጠረዡ የሕዝቡ ቍጥር መጨመሩን ያሳያል» ለማለት ሲፈልግ፣ ከፍ ያለ ቃል ይሻላል በሚል እምነት ኤግዚቢትን ይመርጣል። ኤግዚቢት ግን ስምን ተሳቢ አድርጎ ይቀበላል እንጂ ሙሉ ዐረፍተ ነገርን አያስከትልም። ሪቪልም ቢሆን ቀድሞ ተሰውሮ የነበረ ነገር መኖሩን ያስባል። ኮምፕሪሄንድ «ተረዳ» ተብሎ ብቻ ሲቀመጥም ያው ነው፤ በአማርኛ ሰው ትምህርቱን ይረዳል፣ በገንዘብ ይረዳል፣ መርዶም ይረዳል።

የፈተናዎቹ ታሪክ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1964 የተጀመረው ቶፍል ቃልን ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ነጥሎ ተመሳሳዩን ፈልግ የሚል ዓይነት ጥያቄ ነበረው፤ በ1995 ቃል በምንባብ ውስጥ ብቻ እንዲጠየቅ ተደረገ። ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠው ጂ.አር.ኢ.ም በ2011 የተቃራኒ ቃላት ጥያቄውን ሰረዘ። በ1989 የተጀመረው አይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ. ደግሞ ለጽሕፈት ከሚሰጠው ነጥብ አንድ አራተኛውን ለቃላት አጠቃቀም መድቧል፤ ነገር ግን የሚመዘነው ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ስምምነትና የአገባቡ ትክክለኛነት ጭምር ነው። በመገናኛ የሚሸጡት ዝርዝሮች እንግዲህ በአመዛኙ ከተሰረዙ ጥያቄዎች ጋር ሲታገሉ የቈዩ ናቸው።

ከዚያው ከቦሌ ሳይርቁ ሌላ ሚዛን ማየት ይቻላል። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪዎች በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ከስድስቱ የቋንቋ ችሎታ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት አለባቸው። የዚህ ደረጃ የቃላት መስፈርት በሥራው ዙሪያ ያሉትን የተለመዱ ቃላት ማወቅን ይጠይቃል፤ ያልተጠበቀ ነገር ገጥሞ ቃሉ ሲጠፋም ሐሳቡን በሌላ አነጋገር መግለጥ መቻልን ይጨምራል። ብርቅ ቃል ማወቅ በዚህ ደረጃ አይጠየቅም። በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ የሚሸጠው ዝርዝር ግን ይህን የመተካት ችሎታ ከቶ አያስተምርም።

የዝርዝሩ ተከላካዮች ቃልን በቃል ማጥናት የአገሩ የትምህርት ባህል ነው ይሉ ይሆናል። የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ርባ ቅምሩን ይማራል፣ ከአንዱ ግስ የሚወጡትን ቅርንጫፎች ያውቃል፣ ያጠናውንም በጉባኤ ቃና ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ዝርዝሩ ከዚህ ባህል የወሰደው ቃል መሸምደዱን ብቻ ነው፤ ርባታውን፣ ቈጠራውንና እርማቱን ትቷል። ጻፈ ከሚለው ጸሐፊን፣ ጽሑፍንና አጻጻፍን ማንም ሳያስተምረው የሚያወጣ አንባቢ፣ አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊቲካል በሦስት የተለያዩ ተራ ቍጥሮች ሲሰጡት ይታያል። አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጡት የትምህርታዊ ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን የያዘው፣ እንዲህ ያሉትን ቃላት በአንድነት ስለሚቈጥር ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ የተሻለ ሥራ የሚሠራበት መንገድም አዲስ አይደለም። በ1973 ቮልፍ ሌስላው ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ቃሉን በዐውዱ ውስጥ አስገብቶ ይፈታል፤ በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል። የዛሬው አዘጋጅ ከእነዚህ ሥራዎች ዘዴውን ሳይሆን የፍቺውን መጀመሪያ ቃል ብቻ የቀዳ ይመስላል። ደግሞም ሁለቱ መጻሕፍት በዘመናቸው ሊያካትቱት የማይችሉት አንድ ጕዳይ አለ፤ ይኸውም በአዲስ አበባ አንደበት ትርጕማቸውን የለወጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ሰው የቪዛ ማመልከቻውን ማለቱ ነው፤ «ፕሮግራም አለኝ» ሲል ቀጠሮውን ነው። በሳሚትና በአያት ኮንዶሚኒየም ሲባል መንግሥት አስገንብቶ በዕጣ ያደለው ቤት ይታሰባል። ተፈታኙ እነዚህን ቃላት የሚያውቃቸው ስለሚመስለው መዝገበ ቃላት አይገልጥባቸውም፤ በድርሰቱ ውስጥም ያለ ጥርጣሬ ያስገባቸዋል። እንዲህ ያሉ ቃላት የተሰበሰቡበት ጥቂት ገጽ በእነዚያ የማጥኛ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ ቢያንስ ዘጠነኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር ለቈየ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እርሱ ነበር።