ካውያ የማይችለውን ተዪው

በተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኝነት ወደ ደቡብ ሱዳን የምትሄድ አንዲት ወጣት አዋላጅ ሰሞኑን ደውላ፣ «ሲስተር፣ ለአንድ ዓመት ስንት ቅያሪ ይበቃኛል?» አለችኝ። ቁጥር ፈልጋ ነበር። እኔ የመለስኩላት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የያዝሽው ልብስ ካውያ ይችላል?»

እኔ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ሌላ መካሪ አግኝታለች። ብዙ አገር የሠራ የሎጂስቲክስ ሰው ነው፤ ሥራውን አከብርለታለሁ፤ በልብስ ነገር ግን ተስማምተን አናውቅም። እሱ የሚምለው ቶሎ በሚደርቀው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ማታ አጥበሽ ጠዋት ትለብሺዋለሽ፣ ሻንጣ አይሞላም፣ ካውያ አይፈልግም፤ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ በቃ። ስለ ክብደቱ ያለው እውነት ነው። ከቦሌ የሚነሳ ሰው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ስለሚፈቀድለት ይዘናጋል፤ ከጁባ ወዲያ በትንሿ አውሮፕላን ሲሳፈር ግማሹን አደራ የሚያስቀምጥበት ቤት ፍለጋ ይገባል። «ካውያ አይፈልግም» የሚለው ግን ለከተማ ቢሮ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለገጠር ጤና ጣቢያ አይሆንም።

ምክንያቴ የማንጎ ዝንብ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ጥላ ያለበት አሸዋ ላይ ወይም ውጭ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ልብሱ ሲለበስ ትሉ ቆዳ ሰርስሮ ይገባና እባጭ ሆኖ ያድጋል። እባጩን በቫዝሊን ደፍነን፣ ትሉ አየር ሲያጥረው ብቅ ሲል ነው የምናወጣው። ሰው አይገድልም፤ ግን በአራስ ልጅ ጀርባ ላይ ያየው ሰው ዳግመኛ ያልተተኮሰ ጨርቅ አያምንም። መድኃኒቱ የጋለ ካውያ ነው፤ በፊትም በጀርባም፣ በተለይ ስፌቱን፣ ብብቱንና የወገቡን እጥፋት። የውስጥ ሱሪ መተኮስ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ። እዚያ መጀመሪያ የሚተኮሰው እሱ ነው።

የሎጂስቲክሱ ወዳጄ «ቤት ውስጥ ብታሰጡትስ?» ይለኛል። ጥሩ ነው፣ እኔም አሰጣለሁ። ነገር ግን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው፤ ክፍሉ ራሱ ይረጥባል። ደግሞም ሁልጊዜ የምታጥቢው አንቺ አይደለሽም። አዳር ሠርተሽ ስትመለሺ የግቢው አጣቢ ልብስሽን አጥር ላይ ዘርግታዋለች፣ ወይም ሳር ላይ። ደግ አድርጋ ነው፤ ምን ትያታለሽ?

እንግዲህ ካውያው። የኤሌክትሪኩ ነጥብ አለው፦ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200። ፖሊስተር ከሁለት አያልፍም፤ ጥጥ ሦስቱንም ይችላል። መብራት በሌለበት የምትይዢው የከሰል ካውያ ግን ነጥብ የለውም። ግለቱን የምትለኪው ጠብታ ውሃ ረጭተሽ፣ በድምፁ ነው። እጅሽ እስኪለምድ ድረስ ፖሊስተሩ ካውያው ሆድ ላይ ቀልጦ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚተኮሰውን ጋውንም ያበላሻል። የላብ ጠረንም ቢታጠብ በቀላሉ አይለቀውም። ነጋዴው «መቶ በመቶ ጥጥ ነው» ቢልሽ ከጠርዙ ክር መዝዘሽ ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ነዶ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ተኮማትሮ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። መርካቶም ቢሆን ሳታፍሪ አድርጊው።

እዚህ ላይ ግትር የሆንኩት ለልብስ ብዬ ብቻ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ስሠራ፣ ምጥ እስኪፋፋም በምንጠብቅባቸው ሌሊቶች እናትየዋ ይዛ የመጣችውን የሕፃን መጠቅለያ እተኩስ ነበር። የጁባ ዓረብኛዬ ሰላምታና «ግፊ» ከማለት ብዙም አያልፍም። ከካውያው ጋር ስቆም ግን አማቶቹ ከሰል ያቀብሉኝ ጀመር፣ ከዚያ አንዷ ትቀበለኝና ራሷ ትተኩሳለች፣ ሌላዋ ታጥፋለች። የባዕድ አገር ሐኪም መሆኔ ቀርቶ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ የሆንኩት በዚያ ሰዓት ነው። ማዋለድ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ አብሮ መጠበቅን ግን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ከአገር ቤት ያለ ክርክር የማስይዘው ነጠላ ነው። ጥጥ ነው፣ ካውያ ይችላል፤ ሻሽም አንሶላም ይሆናል። የአክስቴ መርዶ የደረሰኝ እዚያ ሳለሁ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ትርጉሙን የነገራቸው የለም፤ ላዎ የሚሉትን ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ቋጥረው አንድ በአንድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እስኪመሽም አልተነሱም። ጋቢ ግን ይቅር፤ ለዚያ ሙቀት አይሆንም።

ልጅቷ የሻንጣዋን ፎቶ ላከችልኝ። ሁለቱን ጂንስ አስወጣኋት፤ በክረምት ጂንስ አይደርቅም። ጥቁሩንና ደማቅ ሰማያዊውንም አስቀነስኳት፤ ወደ ምዕራብ ኢኳቶሪያ ከተመደበች ፄፄ ዝንብ የምትሳበው በእነዚህ ቀለሞች ነው፣ ወጥመዷም የሚሠራው ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ነው። በምትካቸው ያልተሰፋ ፖፕሊን ትያዝ። ልብስን በሄዱበት ማሰፋት የቆየ ዘዴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፒስ ኮሮች፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 280 ሆነው አገራችን ገብተው ነበር፤ ከእነሱ በኋላ ከመጡት አንዱ እናቴን እንግሊዝኛ አስተምሯታል፣ ሸሚዙንም ደሴ ገበያ ያሰፋ እንደነበር እስከ ዛሬ ታነሳለች። ጁባም ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ልብስ ሰፊ አይጠፋም፤ ሰውነቷ ከከሳ ወይም ከወፈረ በኋላ በልኳ ታሰፋለች። ክሩን ግን ከዚህ ትያዝ፣ የጥጥ ክር። የፖሊስተር ክር ከሆነ ጨርቁ ካውያውን ችሎ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል።